መርፌ፣ መስታወትና አንድ ሳንቲም

ጆሴፍ ኮኔል በወጣትነቱ የሚያጠናው ጥንቸል ነበር። በካሊፎርኒያ፣ ከበርክሌይ በላይ ባሉት ኮረብቶች፣ በየቁጥቋጦው የሚሹለከለኩትን ጥንቸሎች በወጥመድ እየያዘ፣ ምልክት እያደረገ፣ መልሶ ለመያዝ ሲደክም ከረመ። ጥንቸሎቹ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያዙ አልነበሩም። ጥናቱ ሲያልቅ፣ ከእንግዲህ ከአውራ ጣቴ የሚበልጥ እንስሳ አላጠናም ብሎ ማለ ይባላል። ይህ እንደ ቀልድ የተነገረ መሐላ በሥነ ምህዳር ታሪክ ውስጥ በእጅ ጥበቡ እኔ ከሁሉ ወደማስቀድመው ሥራ አደረሰው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኮኔል ለዶክትሬት ጥናቱ ወደ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ። ሥራውን የሠራው ከስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በክላይድ ባሕረ ሰላጤ ባለችው የከምብሬይ ደሴት፣ ሚልፖርት ከሚገኘው የባሕር ምርምር ጣቢያ እየተነሣ ነው። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ድንጋይ አንዴ ውኃ ይውጠዋል፣ አንዴ ፀሐይና ነፋስ ይፈራረቁበታል።

በዚህ ድንጋይ ላይ ነጣ ግራጫ ያሉ፣ ሾጠጥ ብለው አናታቸው የተከፈተ ትናንሽ ቅርፊቶች ተጨናንቀው ይኖራሉ። ባርናክል ይባላሉ። ወደብ የሚያውቅ ሰው በመርከብ ሆድና በወደብ ምሰሶ ላይ አይቷቸዋል፤ በባዶ እግሩ የረገጣቸውም አይረሳቸውም። ድንጋይ ይምሰሉ እንጂ የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመዶች ናቸው። ባርናክል እጭ ሳለ ይዋኛል። የሚስማማውን ቦታ ሲያገኝ በጭንቅላቱ ተተክሎ ይጣበቅና ዙሪያውን ቅርፊት ያበጃል። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን ተዘቅዝቆ፣ በእግሮቹ ውኃውን እየቀዘፈ ምግቡን ወደ አፉ ይሰዳል። ዳርዊን ከ1846 እስከ 1854 ድረስ ስምንት ዓመት የደከመላቸው በከንቱ አይደለም። ለኮኔል ግን ከሁሉ የበለጠው ጠባያቸው ሌላ ነበር፦ አንዴ ከተጣበቁ አይንቀሳቀሱም። ዛሬ ያየውን ግለሰብ በሚቀጥለው ወር ሲመለስ እዚያው ያገኘዋል፣ ካጣውም ሞቷል ማለት ነው።

በከምብሬይ ዳርቻ ሁለት ዓይነት ባርናክሎች አሉ። ባላነስ የሚባለው፣ ተለቅ ያለውና ቶሎ የሚያድገው፣ ሰፊውን የታችኛውን እርከን ይዟል። ክታማለስ የሚባለው አነስተኛው ከእርሱ በላይ፣ ውኃ ብዙ በማይደርስበት ጠባብ እርከን ይኖራል። የሚገርመው የክታማለስ እጮች ታችም ወርደው መጣበቃቸው ነው። ጎልማሳ ክታማለስ ግን ታች እምብዛም አይገኝም። ታዲያ ምን በላቸው? ብዙ ሰዓት በውኃ መዋጥ አይስማማቸው ይሆናል። ቅርፊት እየበሳ የሚበላ ቀንድ አውጣም በአካባቢው አለ። ወይም ጎረቤታቸው ባላነስ ይሆናል ገፊው። ሦስቱም ያሳምናሉ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንዱን መርጦ መጻፍም ይቻላል። ኮኔል ወደ ድንጋዩ ወረደ።

አሠራሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ድንጋዩ ላይ መስታወት ያስቀምጣል። በመስታወቱ ላይ፣ ከሥር የሚታየውን የእያንዳንዱን ባርናክል ቦታ በመስታወት ቀለም ይነጥባል። በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ቦታ እንዳይስት፣ የክልሉ ማዕዘኖች ባሉበት ዓለቱን በትናንሽ ቀዳዳዎች ይሰረስራል። የመስታወቱን ካርታ ወደ ወረቀት ይገለብጥና በየቆጠራው ያየውን በወረቀቱ ላይ ይመዘግባል፦ ይኼኛው አለ፣ ያኛው ሞቷል፣ ይኼኛውን ጎረቤቱ ከፊሉን ሸፍኖታል። በዚያ ዘመን የእንስሳት ቁጥር የሚጠናው በአመዛኙ በድምር ነበር፦ አምና ይህን ያህል፣ ዘንድሮ ይህን ያህል። ድምር መሞታቸውን ይነግራል፣ ማን እንደ ገደላቸው ግን አይናገርም። የኮኔል መስታወት የእያንዳንዱን ሞት ከነቦታውና ከነወቅቱ ይዞ ያስቀራል።

ከዚያ መርፌው መጣ። በ1954 የበጋቸው መግቢያ ላይ፣ የባላነስ እጮች ተጣብቀው ሲያበቁ፣ ኮኔል የተረፉትን ክታማለሶች ቆጠረ። እያንዳንዱን ካርታ ክታማለሶቹ ግማሽ በግማሽ እንዲሆኑ አድርጎ ለሁለት ከፈለ። የትኛው ወገን ይነካ የሚለውን ለራሱ ዓይን አልተወም፤ ዘውድ ወይስ ጎፈር ብሎ ሳንቲም አፈናጠረ። በወጣለት ወገን ላይ እያንዳንዱን ክታማለስ የሚነኩትንና የከበቡትን ባላነሶች በመርፌ አንድ በአንድ ነቀለ። ጤፍ ማሳ ውስጥ ተቀምጦ ያረመ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል፦ ሰብሉ ሳይነካ አረሙ ብቻ መውጣት አለበት። ሌላውን ወገን እንዳለ ተወው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ያቺ ሳንቲም ናት። ድንጋዩ አንድ፣ ውኃው አንድ፣ ብርዱ አንድ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት የመርፌው ሥራ ብቻ። የተሻለውን ወገን መርጠህ ነው የሚል ተከራካሪ ቢመጣ እንኳ መልሱ አስቀድሞ ተሰጥቷል።

ቀንድ አውጣውንም አልዘነጋም። በአንዳንዶቹ ክልሎች ላይ ዝገት የማይነካው የሽቦ ወንፊት ክዳን በብሎን አሰረ። የክዳኑ ጣሪያ ከባርናክሎቹ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ጠርዙም የዓለቱን ወጣ ገባ ተከትሎ የተቀረጸ ነው። ክዳኑ ራሱ ባርናክሎቹን ይጎዳ እንደሆነስ? ይህንንም ቀድሞ በሌላ ሥራው ፈትሾ ነበርና ወንፊቱ ዕድገታቸውን እንደማያግድ ያውቃል። ከላይኛው እርከን ክታማለስ የተጣበቀባቸውን ድንጋዮች ደግሞ በስቶ ወደ ታች አወረደና በብሎን ከዓለቱ ጋር አሰራቸው።

ቆጠራው አንድ ዓመት ያህል ቀጠለ። ከባላነስ የተላቀቁት ክታማለሶች በየትኛውም ከፍታ፣ ታች ድረስ፣ ደህና ኖሩ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የውኃው አልነበረም። የሽቦው ክዳን መኖር አለመኖሩም በክታማለሶቹ ዕድል ላይ ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። ባላነስ ባልተነካበት ወገን ግን እልቂት ነበር። ኮኔል በካርታው አድራሻ እየሄደ አገዳደሉን ጭምር አየ፦ ባላነስ ሲያድግ በላያቸው ላይ ወጥቶ ያፍናቸዋል፣ ከሥራቸው ገብቶ ከዓለቱ ይፈነቅላቸዋል፣ ወይም ከጎን ተጭኖ ይጨፈልቃቸዋል። እጅግ የሞቱትም ባላነስ ፈጥኖ በሚያድግባቸው ወራት ነው። በግፊያው መካከል የተረፉት ትንንሽ ሆነው ቀሩ፣ ትንሽ ባርናክል ደግሞ የሚወልደው ጥቂት ነው። ቀንድ አውጣው ይልቁንም ባለውለታ ሆኖ ተገኘ፤ ባላነስን እየበላ ሽሚያውን ያቀልላቸዋል።

ውጤቱ በ1961 «ኢኮሎጂ» በተባለው መጽሔት ታተመ። ፍሬ ነገሩ ዛሬ የትም ይነገራል፦ በዳርቻው ላይ የሚኖሩ ፍጥረታትን የታችኛ ወሰን በአመዛኙ የሚያሰምረው ሌላ ሕያው ፍጥረት ነው፣ የላይኛውን ግን ይበልጡን ድርቀቱና ሙቀቱ። እርግጥ ይህ የአንድ ደሴት ታሪክ ነው፣ በአንዳንዱ ክልል የነበሩት ክታማለሶችም ጥቂት ነበሩ። ከዚህ ተነሥተው ተፈጥሮ ሁሉ ሽሚያ ናት ያሉም አልጠፉም። ከተቃዋሚዎቻቸው አንዱ ኮኔል ራሱ መሆኑ ደስ ይለኛል፦ በ1980 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የዛሬን የፍጥረታት አኗኗር ባለፈ ዘመን ሽሚያ የሚያብራሩ ሰዎች የመስክ ማስረጃ እንዲያቀርቡ ጠየቀ።

የከምብሬይ ልማዱም አልለቀቀውም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያ፣ በሄረን ደሴት የኮራል ዓለቶች ላይ ቋሚ ክልሎችን ሠርቶ እየተመላለሰ ፎቶ ያነሣቸው ጀመር። በኩዊንስላንድ ደን ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር በ1963 የጀመረው፣ ዛፎችንና ችግኞችን አንድ በአንድ በካርታ የሚያሰፍር ቆጠራ ከ50 ዓመት በላይ ዘልቋል። ዛፍ ከአውራ ጣት ይበልጣል፤ መሐላው የእንስሳ ነበርና አልፈረሰም። ኮኔል በ2020 በ96 ዓመቱ ዐረፈ።

የመማሪያ መጻሕፍት ይህን ሁሉ በአንድ ሥዕል ይጨርሱታል፦ ዓለት፣ ሁለት እርከን፣ ሁለት ቀስት። ሥዕሉ አይዋሽም፣ ግን አሠራሩን ሰርዟል። ተማሪው መልሱን ይዞ ይወጣና መልሱ እንዴት እንደ ተገኘ ሳያውቅ ይቀራል። ሥነ ምህዳር የምታስተምሩ መምህራን፣ ያንን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ከመሳላችሁ በፊት ስለ መስታወቱ፣ ስለ መርፌውና ስለ ሳንቲሙ ንገሯቸው። ዕቃዎቹ ከየትኛውም ገበያ የሚገዙ ናቸው።