ኧረ ባኞ ቤታችሁን እንዲህ አድርጉት!

ክደኑት! አዎ፣ የሽንት ቤቱን መቀመጫ! ማንበቡን አቁሙና ሂዱ፣ መክደኛውን ክደኑት፣ በሩንም ገርበብ ሳይሆን ግጥም አድርጋችሁ ዝጉትና ተመለሱ። ተመለሳችሁ? በቃ፣ ፌንግ ሹይ ጀምራችኋል!

እናንተዬ፣ ምን እንዳገኘሁ ብነግራችሁ አታምኑኝም! እዚህ ዱራሜ፣ ሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ ቁጭ ብዬ ፌንግ ሹይ የሚሉትን የቻይናዎችን ጥበብ ባኞ ቤቴ ውስጥ አስገባሁት። ሳሎን እንዳይመስላችሁ! ባኞ ቤት ነው የምላችሁ! ያቺ ተጣድፈን ገብተን ተጣድፈን የምንወጣባት፣ መወልወያና አሮጌ ባልዲ የምናጉርባት ጠባብ ክፍል! አሁን ገብቼ መውጣት አቃተኝ። ልጆቹ በር ይደበድባሉ፣ እኔ ወይ ፍንክች! አክስቴማ ከአንጋጫ ድረስ የመጡት ለመታጠብ ነው። ለመታጠብ ብቻ! ታጥበው፣ ቡና ጠጥተው፣ እየሳቁ ተመለሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቻይናዎች በቤት ውስጥ የሚዘዋወር የሕይወት እስትንፋስ አለ ይላሉ፤ ቺ ይሉታል። ነፋስ ይበትነዋል፣ ውሃ ያግደዋል። በሩ፣ አልጋው፣ ምድጃው፣ መስታወቱ የሚቀመጠው ይህ እስትንፋስ ሳይታፈንም ሳያመልጥም እንዲንሸራሸር ተብሎ ነው። ትናንት የመጣ ፋሽን እንዳይመስላችሁ! ከ1,700 ዓመት በፊት ገደማ የኖረው ጉዎ ፑ የሚባል ሊቅ ስሙ ከዚህ ጥበብ ጋር ይነሳል። ደግሞ ይህን ስሙ! ኮምፓስ አለ አይደል? መርከበኞችን ባሕር ያሻገረው ኮምፓስ? ቻይና ውስጥ መርከብ ላይ ከመውጣቱ በፊት የቤትና የመቃብር ቦታ መምረጫ ነበር! እኔ ይህን ሳነብ ብድግ ብዬ ቆምኩ።

ባኞ ቤት ደግሞ ለፌንግ ሹይ ትልቁ ቦታ ነው። ለምን? ውሃ ሀብት ነዋ! ውሃው ደግሞ ከቤት የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ውሃው ሲሄድ ሀብቱ አብሮ እንዳይሄድ መክደኛው ይከደናል፣ በሩ ይዘጋል። አለቀ! ሳይንሱም መጥቶ ጎኑ ቆመላችሁ! እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መክደኛ በሌለው መቀመጫ ላይ አረንጓዴ ሌዘር አብርተው ውሃውን ለቀቁት። በዓይን የማይታየው ርጭት ወደ ላይ ተስፈንጥሮ በ8 ሴኮንድ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ደረሰ! አንድ ሜትር ተኩል! የጥርስ ብሩሻችሁ የት ነው ያለው? ሂዱ አንሱት!

እሺ፣ አሁን ወደ ዱራሜ፤ ግን በቤጂንግ በኩል! ቤጂንግ ያለውን የንጉሠ ነገሥታቱን ቤተ መንግሥት ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ1406 እስከ 1420 የተሠራውን። ፌንግ ሹይ ምን ይላል? ከጀርባ ተራራ፣ ከፊት ውሃ ይሁን ይላል። ቦታው ሜዳ፣ ተራራ የለ! ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የውሃ ቦይ ሲቆፈር የወጣውን አፈር ከኋላው ቆለሉትና ኮረብታ ሠሩ! ጂንግሻን ይባላል፤ ዛሬም አለ። ለአንድ ኮረብታ ይህ ሁሉ ልፋት! እኛስ? 3,058 ሜትር ሐምበሪቾ! ማንም አንድ ቁና አፈር ሳይሸከምለት! 777ቱን ደረጃ ወጥታችሁ ከላይ ስታዩት የአገሩ አቀማመጥ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጎጆው፣ ጓሮው፣ እንሰቱ፣ እስከ ስምጥ ሸለቆው ድረስ! ተራራው በነፃ ተሰጥቶናል፤ የቀረን ባኞ ቤቱ ብቻ ነው!

ታዲያ ባኞ ቤቱ ምን ይፈልጋል? እዚህ ላይ ነው ጉዱ! ፌንግ ሹይ ዓለምን በአምስት ነገር ያያል፦ እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረት፣ ውሃ። አንዱ አንዱን ይወልዳል። እንጨት እሳትን ይመግባል፣ እሳት አመድ ሆኖ አፈር ይሆናል፣ ከአፈር ብረት ይወጣል፣ ብረት ውሃን ያመጣል፣ ውሃ ደግሞ እንጨትን ያሳድጋል። ባኞ ቤት ውሃ የበዛበት ክፍል ነው። ስለዚህ ውሃውን የሚጠጣለት እንጨት፣ ውሃውን የሚገድብለት አፈር ማስገባት ነው!

አሁን ከደቡብ አፍሪካ በሚላክ ብር ዱራሜና ሆሳዕና ላይ የተሠሩትን ቪላዎች አስቡ። ባኞ ቤታቸው ከወለል እስከ ኮርኒስ ነጭ ሴራሚክ! ቧንቧው ኒኬል፣ ያብረቀርቃል፣ ዋው ያሰኛል! ግን ገብታችሁ ስትቆሙ ክሊኒክ የገባችሁ ይመስል ብርድ ብርድ ይላችኋል። ሁሌ ይገርመኝ ነበር። መልሱ ከቻይና መጣልኝ! ነጭ ቀለም የብረት ነው፤ ብረት ውሃን ይወልዳል፤ ውሃ ላይ ውሃ! እንዴት አይበርድ! ማፍረስ ደግሞ የለም፣ አንድ ሴራሚክ አይነሳም። ሙቀቱን ከላዩ ታመጣላችሁ!

ቀርከሃ! ወይኔ ቀርከሃ! ፌንግ ሹይ ውስጥ ቀርከሃ የተወደደ ነው፤ እኛ ደግሞ ደጋችን ላይ ይበቅላል! ኢትዮጵያ እኮ በአፍሪካ በቀርከሃ ሀብት ቀዳሚ ናት፤ የደጋውም የቆላውም አላት። ዓለም አቀፉ የቀርከሃና የራታን ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ ቤጂንግ ሆኖ አዲስ አበባም ቢሮ አለው፤ ቻይናና እኛ በቀርከሃ ዘመዳሞች ነን! ገበያ ወጣሁ፣ የቀርከሃ ምንጣፍ ገዛሁ፣ ሴራሚኩ ላይ ዘረጋሁት። ከሻወር ወጥታችሁ እርጥብ እግራችሁን ስታሳርፉበት... ኧረ ተዉኝ! ለብ ያለ፣ ሸካራ፣ ደስ የሚል! ከዚያ አናጢ ጠራሁና ከፍልጥ ቀርከሃ መከለያ አሠራሁ። ከመከለያው ኋላ ምን አለ? ቢጫ ጄሪካኖች! ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው ጄሪካን ግዴታ ነው፤ ግን ለምን ይታይ? ፌንግ ሹይ የተዝረከረከ ነገር አይወድም፤ ቺው ይደናቀፋል። ጄሪካኖቹ ተደበቁ፣ ክፍሉ ተነፈሰ! እኔም ተነፈስኩ!

አፈሩስ? አፈሩማ ሸክላ ነው! ከሸክላ ሠሪዎቹ አንድ ጥቁር እንስራ ገዝቼ ጥግ ላይ አቆምኩት፤ አፉ ላይ ቅል አንጠለጠልኩ። ሮቶው ፀሐይ ላይ ውሎ ውሃው ሲሞቅ እንስራው ውስጥ ያለው ግን ቀዝቅዞ፣ ጠርቶ፣ የአፈር ሽታ ይዞ ይጠብቃችኋል። መጀመሪያ በሙቁ ታጠቡ፤ ከዚያ ከእንስራው በቅል ቀድታችሁ አናታችሁ ላይ አፍስሱት! እልል ነው የምትሉት! ጌታ ይባረክ ነው የምትሉት! ከሴራሚኩ በላይ ያለውን ግድግዳ ደግሞ የሸክላ ቀለም ቀባሁት፤ ቡናማ ወደ ቀይ የሚያደላ። እሱም አልበቃኝም! ጎረቤታችን ሀላባ ቤቶቹን በውጭ በኩል በምን ዓይነት ጌጥ እንደሚያስጌጥ በመንገድ ስታልፉ አይታችኋል አይደል? በዚያ መንፈስ ዙሪያውን አንድ መስመር ቅርጽ አስሳልኩበት። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ! ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ እጁን ሊታጠብ ገብቶ ቀረ። ሲወጣ ምን አለ? «ይሄ ባኞ ቤት ነው ወይስ ጫጉላ ቤት?»

መስታወቱን ደግሞ አዛወርኩት። ቻይናዎቹ መስታወት የሽንት ቤቱን መቀመጫ እንዳያሳይ፣ በሩንም ፊት ለፊት እንዳያይ ይላሉ። በመስኮቱ አንጻር አደረግኩት። እና ምን ታየ? እንሰት! ከጓሮዬ ያለው እንሰት በሙሉ መስታወቱ ውስጥ ገባ! ያ ሰፊ ቅጠል፣ ያ አረንጓዴ፣ ነፋስ ሲነካው ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ፀሐይ ከኋላው ስትመታው የቅጠሉ ሥር ሁሉ ሲበራ! ክፍሏ እጥፍ ሆነች! ጥርሴን ስቦርሽ ጫካ ውስጥ ነኝ!

እንሰቱን ካነሳን አይቀር፣ ከሁሉ ያስደነቀኝን ልንገራችሁ። ውሃ እንጨትን ያሳድጋል ብለን የለ? የመታጠቢያው ፍሳሽ የት ይሂድ? ወደ እንሰቱ! ከሻወሩ የሚወጣውን ውሃ በትንሽ ቦይ ወደ ጓሮው መራነው። አሁን የሚፈሰው ውሃ አይጠፋም፤ ቅጠል ይሆናል፣ ነገ ቆጮ ይሆናል! ቻይናዎቹ በትንሽ ማሰሮ አበባ የሚሠሩትን እኛ በጓሮ ሙሉ እንሰት ሠራነው! እንሰቱ ሲፋቅ የሚቀረውን ቃጫ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ገመድ ይሆናል፣ ጆንያ ይሆናል። ጠቅልላችሁ ገላችሁን ፈትጉበት! ቆዳችሁ ይሞቃል፣ ይቀላል፣ ይነቃል! ሱቅ የሚሸጠውን የፕላስቲክ መፈተጊያ ከዚያ በኋላ ዞር ብላችሁ አታዩትም።

ሽታውን ሳልነግራችሁ! መስኮቱ ሥር በአሮጌ ማሰሮ ጠጅ ሳር ተከልኩ። የሻወሩ እንፋሎት ሲነካው ክፍሉን እንዴት እንደሚያውደው! ከጎኑ ጤና አዳም፣ ከጤና አዳሙ ጎን አሪቲ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከጽዳት በኋላ ወይራ አጨስበታለሁ፤ በረኪና በረኪና የሚለው ሽታ ድራሹ ይጠፋል። እሳቱም በዚያው ገባ ማለት ነው! ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማ ነው፤ መብራት ባይጠፋም ሻማ ነው! አንድ ቀይ ፎጣ ጨምሩበት፤ ቀይ የእሳት ቀለም ነው፤ የሸክላው ግድግዳ ላይ ሲንጠለጠል ያምራል አይገልጸውም።

የሚንጠባጠብ ቧንቧ ያለው ሰው ደግሞ ዛሬውኑ ያሠራ! ፌንግ ሹይ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ብር የሚያንጠባጥብ ኪስ ነው ይላል፤ ሂሳቡን አስሉትና እዩ። በሴኮንድ አንድ ጠብታ በቀን 86,400 ጠብታ ነው። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሞልቶ ይተርፋል! በየቀኑ! በፈረቃ በሚመጣ ውሃ! ጎሚኒ ቀየርኩና ጸጥ አለ፤ እንቅልፌ ሁሉ ተስተካከለ።

ለመሳላ በዓል ቤት ስትቀቡ፣ ስታድሱ፣ ከአዲስ አበባ ከጆሃንስበርግ ዘመድ ሲመጣ ባኞ ቤቷን አትርሷት! ከእሷ ጀምሩ እንጂ! ምንጣፉ ከገበያ፣ እንስራው ከገበያ፣ ቃጫው ከጓሮ፣ ጠጅ ሳሩ ከጎረቤት! ከቻይና የመጣው ሐሳቡ ብቻ ነው።

እኔማ አሁን ወደ ኩሽናው ተሻግሬያለሁ! ስለ ምድጃ የሚሉትን ብትሰሙ! ምድጃ የቤቱ ሀብት መቀመጫ ነው፤ የምታበስል ሴት ጀርባዋን ለበር አትስጥ፤ የሚገባውን ሰው እያየች ታብስል ይላሉ። ወዲያው ሮጬ ኩሽናዬን አየሁት። በሩ ከጀርባዬ ነው! ነገ ጠዋት ግንበኛ ይመጣል፣ ምድጃው ይዞራል፣ ባለቤቴ ገና አልሰማም!