ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎት «አፈጻጸም» እና ያልተለካው አመኔታ

ከወለድ ነጻ ባንክ ላይ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚቀርቡ የመመረቂያ ጥናቶች በአብዛኛው አንድ መንገድ ይከተላሉ፤ የተቀማጩን ዕድገት ይቆጥራሉ፣ ትርፍን ለሀብት ያካፍላሉ፣ መጠይቅ ይበትናሉ። ደንበኛው ያነሰ እንደሆነ ምክንያቱን «የግንዛቤ ማነስ» ይሉታል።

ፍርዱ የተቻኮለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ አገልግሎቱን የፈቀደው በነባር ባንኮች መስኮት ብቻ ነበር፤ ራሱን የቻለ ባንክ ለመሆን አክሲዮን ሲሸጥ የቆየው ዘምዘም መንገዱ ተዘጋበት። በ2012 የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ታሰሩ። ንግድ ባንክ በ2013 መስኮቱን ሲከፍት እነርሱ ቃሊቲ ሆነው ችሎት ይመላለሱ ነበር፤ በ2015 ከተከሳሽ ባልደረቦቻቸው ጋር ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ጥያቄያቸው የባንክ አልነበረም። ሆኖም ወኪሎቹን ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሄዶ የሚጠይቅ ነጋዴ ገንዘቡን ለመንግሥት ባንክ መስኮት ለመስጠት ቢያመነታ፣ የጎደለው ግንዛቤ ነውን? መጠይቁ ለዚህ መልስ ቦታ የለውም።

መለኪያው ራሱ ከሸሪዓ አንጻር ጉድለት አለበት። በወዲዓ ወይም በቀርድ የተቀመጠ ገንዘብ ለባለቤቱ ትርፍ አያስገኝም፤ ባንኩ በሙራበሐ ቢነግድበት ትርፉ የባንኩ ነው። አስቀማጩ ትርፍ የሚካፈልበትን ሙዳረባ ለይቶ ሳያሳዩ የተቀማጩን ማደግ ብቻ ይዞ «አፈጻጸሙ መልካም ነው» ማለት ከፊቅህም ከሒሳብም አይገጥምም። ለመልካም የሆነው ለማን ነው?

ሙሉ ባንክ በ2019 ተፈቅዶ ዘምዘም በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ማነጻጸሪያ ተገኝቷል። ቀጣዩ አጥኚ ሒሳቡን ከመስኮት ያዘዋወረውን ደንበኛ፣ ለምን እንዳዘዋወረ ይጠይቀው።