ስንት ሜጋፒክስል ነው?

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን በቴሌግራም የሦስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ስለ ካሜራ። ሁለት ዓመት ያጠራቀመው ብር አለው፣ ከዱባይ የሚመጣ ጓደኛ አለው፣ ሁለት ካሜራ መርጧል፣ አንዱን እንድቆርጥለት ነው የፈለገው። መጨረሻ ላይ "አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው" ይላል። ሁለቱም ካሜራዎች ደህና ናቸው። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው፤ በሦስቱ ደቂቃ ውስጥ ምን ማንሳት እንደሚፈልግ አንድም ጊዜ አልነገረኝም። ሜጋፒክስሉን ነገረኝ፣ በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚመታ ነገረኝ፣ ቪዲዮው ፎር ኬ መሆኑን ነገረኝ። የሚነሳ ሰው፣ ቤት፣ መንገድ ግን የለም።

ጥፋቱ የሱ አይደለም። የሚያወራበትን ቋንቋ አውቀዋለሁ፣ እኔም ለዓመታት ያወራሁበት ነው። የዩቲዩብ የካሜራ ግምገማ ቋንቋ ነው። ስለ ፎቶግራፍ ከሚባለው ሁሉ የኛ ዕድሜ ሰው አብዝቶ የሚያየው ይሄንኑ ስለሆነ፣ እንደ አንድ የሂስ ዘውግ ቆጥረን እኛም በተራችን ብንሄሰው አይበዛበትም።

አካሄዱ ሁሌም አንድ ነው። ሳጥኑ ይከፈታል። ካሜራው ነጭ ጠረጴዛ ላይ ይሽከረከራል። ከዚያ ገምጋሚው ወጣ ይልና የጡብ ግድግዳ፣ ድመት፣ የማኪያቶ ብርጭቆ ያነሳል። ምስሉን መቶ በመቶ ያጎላና ጥግ ጥጉን ያሳየናል፤ እዚህ ጋ ትንሽ ይለሰልሳል፣ እዚህ ጋ ሻርፕ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ያልፋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ተመልሰን ልናየው የምንፈልገው ፎቶ አንድም አይመጣም። ልቦለድ ሊሄስ ተቀምጦ የወረቀቱን ውፍረትና የጥራዙን ክር ሲመረምር አምሽቶ "አሪፍ መጽሐፍ ነው" ብሎ የሚነሳ ሰው ታውቃላችሁ? ይኸው እሱ ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ግን፣ ይሄ ዓይነቱ ግምገማ በትክክል የሚጠቅመው ሰው አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በካሜራ እንጀራውን የሚበላው ብዙው ሰው የሚበላው ከሰርግ ነው። ለሰርግ ፎቶ አንሺ የፎከሱ ፍጥነትና የባትሪው ዕድሜ ቀልድ አይደለም፤ ካሜራው ሁለት ካርድ መያዙም እንደዚያው። ሙሽራዋን "ካርዱ ተበላሽቶብኝ ነው፣ እንደገና ግቢልኝ" አይላትም። ለሱ ካሜራ የሥራ ዕቃ ነው፣ ዋጋውን መመለስ አለበት። ችግሩ የሚመጣው ለሱ የተሠራው መለኪያ ቅዳሜና እሁድ ለራሱ ደስታ ለሚያነሳ ልጅ ሳይለወጥ ሲሰጠው ነው።

ደግሞ በተቃራኒው የሚመጣ መልስ አለ፣ እሱንም አልወደውም። "ፎቶ የሚያነሳው ካሜራው ሳይሆን ሰውየው ነው" የሚለው። ይህን ሲናገር የሰማሁት ሰው ሁሉ፣ እውነት ለመናገር፣ ጥሩ ካሜራ ያለው ሰው ነው።

ሁለቱም እንደማያዋጡ ለማየት የማሊውን ሴይዱ ኬይታን ፎቶዎች ማየት ይበቃል። ኬይታ ወጣት አናጢ ሳለ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1935፣ አጎቱ ከሴኔጋል ሲመለስ ኮዳክ ብራውኒ አመጣለት፤ ያኔ ከነበሩት ካሜራዎች ሁሉ ቀላሉን ማለት ነው። በ1948 ባማኮ ውስጥ ስቱዲዮ ከፈተ። የሚታወቅባቸውን ፎቶዎች የሠራው ግን በብራውኒው አይደለም፤ 13 በ18 ሳንቲሜትር ኔጋቲቭ በሚቀበል ትልቅ ባለ እግር ካሜራ ነው። ሂሳቡን ልሥራላችሁ። የዚያ ኔጋቲቭ ስፋት ዛሬ ፉል ፍሬም እያልን ከምንሳለው ሴንሰር 27 እጥፍ ይሆናል። የሴቶቹ ቀሚስ ላይ ያለው አበባ፣ ከኋላ የተሰቀለው ጨርቅ ጥለት፣ የአንገት ሐብሉ ፍሬ አንድ በአንድ የሚቆጠረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ካሜራው ለውጥ አያመጣም የሚለን ሰው ኬይታን አላየውም።

ነገር ግን ያ ካሜራ ሌላ ነገርም አስገድዶታል። ፊልሙ ውድ ስለነበር ለአንድ ሰው ብዙውን ጊዜ አንዴ ብቻ ነበር የሚያነሳው። አንዴ! እኛ አንድ ማኪያቶ አርባ ጊዜ እናነሳለን። አንዴ ብቻ የሚነሳ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ አስቡት፤ አንሺውም አገጩን ቀና፣ እጁን ሰብሰብ እያደረገ እንዴት እንደሚያስተካክለው። መነጽር ያደረገ፣ ነጣ ያለ ሱፍ የለበሰ ወጣት አንዲት አበባ ይዞ የተነሳበት ዝነኛ ፎቶ አለው። ሰውየው አበባዋን የያዛት እንደ ሕጋዊ ሰነድ ነው። ያ ጥንቃቄ ከኬይታ ዓይን ብቻ የመጣ አይመስለኝም፤ ከካሜራው ዝግታም፣ ከፊልሙ ዋጋም መጥቷል። የጀርባ መጋረጃው ደግሞ የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። በኋላ በየጥቂት ዓመቱ ጨርቁን ሲለዋውጥ ቆይቶ፣ የፎቶዎቹን ዘመን የሚለዩት በሱ ሆነ።

እንግዲህ ትክክለኛው የሂስ ጥያቄ "ይሄ ካሜራ ምን ያህል ጎበዝ ነው?" ሳይሆን "ይሄ ካሜራ ምን እንዳደርግ ይገፋፋኛል፣ ምንስ ይከለክለኛል?" የሚለው ነው። የኔን ታሪክ የማወራውም ለዚህ ነው፤ ደስ የሚል ታሪክ አይደለም።

የመጀመሪያ ካሜራዬን ስገዛ ፉል ፍሬም ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ ብሬን ሁሉ ያገለገለ ቦዲ ላይ አፈሰስኩት። ለሌንስ የተረፈኝ ቤሳቤስቲን አልነበረም። አንድ ዳተኛ፣ ብርሃን የማያስገባ አሮጌ ዙም ተውሼ ገጠምኩበትና በፋሲካ ዕለት አያቴ ቤት ሄድኩ። አያቴ ጥበብ ቀሚሷን ለብሳ፣ አዲስ ነጠላ አጣፍታ ከረከቦቱ ጀርባ ተቀምጣለች። መስኮቱ ትንሽ ነው፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ስልሳ ምናምን ፎቶ አነሳሁ። ነጠላው ጥለቱ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ወጣ። ፊቷ ግን ጥቁር ጥላ ሆነ።

ምን ሆኖ ነው? የካሜራው የብርሃን መለኪያ ዓለም በአማካይ ግራጫ ናት ብሎ ያምናል። ፍሬሙ ውስጥ ሰፊ ነጭ ነገር ካገኘ "ብርሃኑ በዛ" ብሎ ይቀንሳል፤ ነጩን ወደ ግራጫ ሲያወርደው ጠይም ፊት አብሮ ወደ ጨለማ ይወርዳል። ነጠላና ጠይም ፊት የኛ የዕለት ተዕለት ምስል ነው፣ ለመለኪያው ግን ከባዱ ፈተና ነው። (ነገሩ የቆየ ነው። ኮዳክ ለላቦራቶሪዎች ይልከው የነበረው "ሸርሊ" የሚባለው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ለረጅም ጊዜ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ የቆዳ ቀለም ትክክል ነው የሚባለው በሷ ፊት ተለክቶ ነበር።) መፍትሔው አንዲት ቁልፍ ናት፣ የፕላስና የማይነስ ምልክት ያለባት። ወደ ፕላስ አንድ ወይም አንድ ተኩል መግፋት ነው። እኔ ያቺን ቁልፍ አላውቃትም ነበር፤ ያየኋቸው ግምገማዎች ውስጥ ያነሳትም አልነበረም። ካሜራዬ ላይ ያሉትን ሜጋፒክስሎች ግን በቃሌ እወጣቸዋለሁ።

አያቴ በዓመቱ አረፈች። ለለቅሶው የሚሰቀል ፎቶ ሲፈለግ "አንተ በትልቁ ካሜራ አንስተሃታል አይደል?" ተባልኩ። ፎቶ ቤቱ ፊቷን እንደምንም አበራው። በጄፔግ ብቻ ስለነበር ያስቀመጥኩት፣ በሮው ፋይል ቢሆን ከጥላው ውስጥ ሊወጣ ይችል የነበረው ዝርዝር ተጥሏል፤ ሲያበሩት አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። ትልቅ ተደርጎ ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ነጠላው ግን በጣም ሻርፕ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ካሜራ ሳይ መጀመሪያ የማየው ያቺ ቁልፍ የት እንዳለች ነው። አንዳንዱ ካሜራ ላይ ለብቻዋ ጎማ አላት፣ አውራ ጣት ሥር። ሌላው ላይ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሌላ ማዞር ይጠይቃል። ይሄ የዝርዝር ጉዳይ ይመስላል እንጂ አያቴ ፊቷን ወደ ስኒዎቹ ከመመለሷ በፊት ያለውን አንድ ሰከንድ የሚወስነው እሱ ነው።

ሁለተኛ የማየው ክፍሉን ነው፤ የምኖርበትን ክፍል ማለቴ ነው። ለጀማሪ ሁሉም ሰው "50 ሚሊሜትር ግዛ" ይላል፤ ርካሽ ነው፣ ብርሃን ያስገባል፣ እውነት ነው። ግን ብዙ ጀማሪ የሚገዛው ክሮፕ ሴንሰር ያለው ካሜራ ነው፣ እሱ ላይ 50 ሚሊሜትሩ እንደ 75 ወይም 80 ሆኖ ነው የሚያየው። ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ከሦስት ሜትር ብታነሱ ወደ ጎን የሚገባላችሁ አንድ ሜትር ከአርባ ገደማ ነው። ቡና የምታፈላዋ ትገባለች፤ ጠጪዎቹ አይገቡም። በ35 ሚሊሜትር ሁለት ሜትር ይገባል፣ በ24 ወደ ሦስት ይጠጋል። ጠረጴዛው፣ ሕፃኑ፣ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን የሚያወልቀው እንግዳ የሚገቡት ያኔ ነው። በ50ው ያደገ ጀማሪ ሳያውቀው የፊት ፎቶ አንሺ ይሆናል፤ ከኋላ ሁሉ ነገር የተደበዘዘበት፣ ሰው የትም ያልሆነበት ፎቶ። ኢንስታግራም ላይ የኛ ልጆች ሥራ ለምን አንድ እንደሚመስል ስታስቡ ጣዕምን ብቻ አትውቀሱ፤ ሌንሱንም ቁጠሩት።

ሦስተኛው መጠን ነው። ፒያሳ አካባቢ በስልክ ሙሉ ቀን ብታነሱ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። ትልቅ ካሜራ አውጡ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጥበቃ ይመጣል፦ "ፈቃድ አለህ?" ጥበቃ ባይመጣ እንኳ የሚነሳው ሰው ይለወጣል። አንዱ ሊስትሮ "ጋዜጠኛ ነህ?" ብሎኝ እስክመልስለት ድረስ ልብሱን አራግፎ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። እንደዚያ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው መጥፎ ፎቶ አይደለም፣ ኬይታ ከዚያ ሌላ ምን አነሳ? ግን የምትፈልጉት እሱን ካልሆነ፣ ጃኬት ኪስ የምትገባ አሮጌ ሚረርለስ ከማንኛውም ፉል ፍሬም ትበልጣለች።

የሌላ ሰው ምሳሌ ልጨምር። አይዳ ሙሉነህ ፊት ላይ ቀለም ቀብታ፣ ልብሱንና ጀርባውን አንድ በአንድ አቅዳ የምትሠራቸው ፎቶዎች በሰከንድ ሃያ ፍሬም የሚመታ ካሜራ አይፈልጉም፤ ፎቶው የተወሰነው ሹተሩ ከመነካቱ በፊት ነው። ሥራዋን የሚኮርጁ ልጆች ግን የፊቱን ቀለም ይወስዳሉ፣ ካሜራም እሷን ለመምሰል ይመርጣሉ፣ ዕቅዱን ይተዉታል። በሌላው ጫፍ ከየቤተሰቡ አልበም በተለቀሙ ፎቶዎች የተሠራው "ቪንቴጅ አዲስ አበባ" አለ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ የወጣው። ማን በምን ካሜራ እንዳነሳው ማንም አይጠይቅም። አንዳንዱ ዘሟል፣ አንዳንዱ ደብዝዟል። ሰዎቹ ግን የሆነ ቦታ ናቸው፤ ከኋላቸው መኪና አለ፣ አጥር አለ፣ ጓደኛ አለ።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በድምፅ ላኩለት፣ ከሦስት ደቂቃ በለጠ። ያገለገለ ክሮፕ ቦዲ ይብቃህ አልኩት፣ የተረፈውን 35 ወይም 24 ላይ አውለው። ሹተሩ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተመታ ሳታይ እንዳትገዛ። ኒኮን ከሆነ ትናንሾቹ ቦዲዎች፣ 3000ዎቹና 5000ዎቹ፣ ውስጣቸው የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው አሮጌ ርካሽ ሌንስ ብታገኝ በእጅህ ነው ፎከስ የምታደርገው። ባትሪው እዚህ የሚገኝ መሆኑን ጠይቅ። ከሁሉ በፊት ደግሞ በስልክህ ሁለት ሳምንት አንሳና ምን እያነሳህ እንደሆነ ተመልከት።

"እሺ ብሮ፣ በጣም ነው የማመሰግነው" አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ጓደኛው ከዱባይ ገባ። የገዛው ከሁለቱ ውዱን ነው፣ ከ50 ሚሊሜትር ጋር።

የመጀመሪያ ፎቶውን ትናንት ማታ ላከልኝ። አክስቴ ናት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ በሩ ላይ። ነጠላዋ ክሩ ይቆጠራል። ከሥሩ "ሻርፕ ነው አይደል?" ብሎ ጽፏል።

"ፊቷ ጨልሟል" አልኩት። "ከላይ በኩል የፕላስና የማይነስ ምልክት ያለባት ቁልፍ አለች። ፈልጋትና፣ አክስቴ ልብሷን ሳትቀይር እንደገና አንሳት።"