ድሬዳዋ በኪነ ጥበባችን መስተዋት

ስለ ድሬዳዋ የተዘፈኑት ዘፈኖችና የተጻፉት ግጥሞች ጥቂቶች አይደሉም። አብዛኞቹ ግን በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር አረፍ ብለው ሙቀቱን፣ ፍቅሩንና የነዋሪውን ገራገርነት አወድሰው ያበቃሉ። ውዳሴው ሐሰት አይደለም፤ ጐዶሎ ነው እንጂ።

ድሬዳዋን የወለዳት ዳገት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ደረሰ፤ በዙሪያውም ከተማ በቀለ። የከዚራን ቀጥ ያሉ መንገዶች የቀየሰው የባቡሩ ኩባንያ ነው። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ግን ነጋዴውና ሠራተኛው እንደ ኑሮው በከፈተው ጠመዝማዛ መንገድ አደገ። ከለገሀር እስከ መጋላ በእግር የሚደረስ ነው፤ ደራሲዎቻችን ግን ይህን አጭር መንገድ እምብዛም አልተሻገሩትም።

ስለዚህም በሥራዎቻቸው ውስጥ ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ብቻ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የፈጀው ወንዝ አይታይም። ባቡሩም የስንብት ፉጨት ብቻ ነው፤ ፈረንሳይኛውን፣ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውንና ሶማሊኛውን እያቀላቀለ ሞተር ሲጠግን የኖረው ሠራተኛ ድምፅ አይሰማም።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። የአሮጌው ሐዲድ ባለሙያዎችም እያረጁ ናቸው። ተውኔትና ልብ ወለድ ይህን ቋንቋ ከባለቤቶቹ አንደበት ዛሬ ካልቀዱት፣ ነገ የሚቀዱበት ምንጭ አይኖርም። እንግዲህ ከያኒው ከጥላው ይነሣ፤ አሸዋውንም ይሻገር።