ኮመንቱ ያልተሟላ ከተማ

ድሬዳዋ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ግንባር ላይ የድርጅቱ ስም በፈረንሳይኛ በትልቁ ተጽፏል። ፊቱ ቆሜ ሳነበው ከሥራዬ የማውቀው ነገር ትዝ አለኝ፤ መጥፎ ኮመንት። ኮዱ ምን እንደሆነ ይነግርሃል፣ ለምን እንደተጻፈ ግን ጭጭ።

እዚህ ደግሞ ታሪኩ ያለው «ለምን» ላይ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አስቸገረ፣ ወጪውም ከበደ። መስመሩ ከሥር ቀረና እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ። በቃ፣ ከተማዋ የተወለደችው ከአንድ የዲዛይን ለውጥ ነው! አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው።

ጽሑፉ ይህን አይልም። የባለቤቱን ስም ይናገራል፤ ወርክሾፕ ውስጥ ባቡሩን ሲጠግን ያረጀውን ሰው አያነሳም። አውርዱት እያልኩ አይደለም፤ እሱም ቅርስ ነው። ብቻውን መቆሙ ነው ችግሩ።

ከሱ ይልቅ «ለገሃር» የሚለው ቃል ያሳምነኛል። ሰዉ የፈረንሳዮቹን «ላ ጋር» ወስዶ በራሱ አፍ አሳመረው። ማንም ሳይመርቀው መቶ ዓመት ቆሟል።

አዲሱ መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። የድሮዎቹን ማሽኖች በድምፃቸው የሚለዩ አባቶች ግን እያነሱ ነው። ሳያስረክቡን ከሄዱ ሕንፃው ይቀራል፣ የሚያነብልን ግን አይኖርም። ስለዚህ ከጽሑፉ ሥር አንዲት ተራ ሰሌዳ ትጨመር፤ ባቡሩ ለምን እዚህ እንደቆመ፣ እነማን እየጠገኑ እንዳስኬዱት የምትናገር።