ሮንዴላና ሪባን፦ የአንድ የዲዛይን ተማሪ ጌጣጌጥ ሂሳዊ ዳሰሳ

በ1940 ገደማ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት በሚገኘው ብላክ ማውንቴን ኮሌጅ አንዲት የሽመና መምህርትና አንድ ተማሪዋ ከብረታብረት ሱቅ በገዟቸው ርካሽ ዕቃዎች የአንገት ጌጥ መሥራት ጀመሩ። መምህርቷ አኒ አልበርስ፣ ተማሪው አሌክሳንደር ሪድ ነበሩ። ከሠሯቸው ጌጦች አንዱ በቀይ ሪባን ላይ የተሰካኩ የአሉሚኒየም ሮንዴላዎች ናቸው። ሌላው ባለ ቀዳዳ የላቫንዲኖ ማጥለያ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ የወረቀት ክሊፖች የተደረደሩበት ነው። በሦስተኛው ላይ የሴቶች የጸጉር ማስያዣዎች በሰንሰለት ዙሪያ እንደ ዘርፍ ወርደዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ እነዚህ ጌጦች በአብዛኛው የሚታወቁት በአልበርስ ስም ሲሆን፣ ስለ እርሷ የሚጽፉ ሰዎችም ከታላላቅ የሽመና ሥራዎቿ ጎን እንደ ትንሽ መዝናኛ አድርገው ያልፏቸዋል። እኔ ግን ጌጦቹ በትክክል የሚነበቡት ከተማሪው ወገን ሲታዩ ነው እላለሁ። ከሁሉ በፊት የትምህርት ውጤት ናቸው። አንድ የዲዛይን ተማሪ የተማረውን ነገር በክፍል መልመጃነት ሳያስቀረው፣ በሰው አንገት ላይ እስከሚውል ዕቃ ድረስ ያደረሰባቸው ሥራዎች ናቸው።

ትምህርቱ ምን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። አልበርስ በ1922 ዋይማር ከተማ ባውሃውስ ወደተባለው የጀርመን የዲዛይን ትምህርት ቤት ገብታ በሽመና ወርክሾፕ የሠለጠነች የበርሊን ተወላጅ ናት። ባለቤቷ ዮሴፍ አልበርስ በዚያው ትምህርት ቤት የመግቢያውን ኮርስ ያስተምር ነበር። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበትና ባውሃውስ በተዘጋበት በ1933 ሁለቱም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በዚያው ዓመት በተመሠረተው ብላክ ማውንቴን ኮሌጅም መምህራን ሆኑ። የዮሴፍ የማስተማር ዘዴ ቀላልም ከባድም ነበር። ለተማሪው አንድ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ሳያባክን፣ ሳይለጥፍ፣ በማጠፍና በመቁረጥ ብቻ ከወረቀቱ የሚቻለውን ሁሉ እንዲያወጣ ይጠይቀዋል። ቅጠልን ከጡብ፣ ሽቦን ከእንቁላል ቅርፊት አጎራብቶ የአንዱ ገጽታ ሌላውን እንዴት እንደሚለውጠው እንዲያስተውል ያደርገዋል። ኮሌጁ ድሃ ነበር። ተማሪና መምህር አብረው ያርሱ ነበር፤ በ1940 እና 1941 ደግሞ በሌክ ኤደን ሐይቅ ዳርቻ የራሳቸውን የመማሪያ ሕንፃ በእጃቸው ገነቡ። ሪድ ሮንዴላውን ያነሣው ሮንዴላ በእርግጥ የግንባታ ዕቃ ሆኖ በዕለት ሥራ ላይ በሚውልበት ቦታ ነው።

ለጌጡ ሐሳብ የመጀመሪያውን ግፊት የሰጠው ግን ከአሜሪካ ውጭ የታየ ነገር ነው። አልፎንሶ ካሶ የተባለው የሜክሲኮ አርኪዮሎጂስት በ1932 ኦሃካ አቅራቢያ ባለው ሞንቴ አልባን በተባለው ጥንታዊ ሥፍራ ሰባተኛውን መቃብር ከፈተ። በውስጡ ሚሽቴክ የሚባሉት ሕዝቦች ከሙታኖቻቸው ጋር ያኖሯቸው የወርቅ፣ የበሉር ድንጋይ፣ የጄድ፣ የዕንቁና የዛጎል ጌጦች ተገኙ። አልበርስ በመጋቢት 1942 በኮሌጁ ባሰማችው ንግግር ሥራቸው የመነጨው ከእነዚህ ጌጦች መሆኑን ተናግራለች። ወርቅ ከበሉር ጋር፣ ዕንቁ ከተራ ዛጎል ጋር ያለ ሐፍረት ተጎራብቶ ማየታቸው፣ የዘመናቸው ጌጥ ሠሪ በጥቂት ውድ ማዕድናት ውስጥ ራሱን ማጠሩን እንዲያስተውሉ አደረጋቸው። ከሜክሲኮ ጉዟቸው ተመልሰው የአሥር ሳንቲም ዕቃ ወደሚሸጥባቸው መደብሮች የገቡት በዚህ ዓይን ነው።

እዚህ ላይ አልበርስን መሞገት ይገባል። የሞንቴ አልባን ጌጥ ለእርሷ ያስተማራት ውበት ከዋጋ ነጻ መሆኑን ነው። ለሚሽቴኮች ግን ዛጎል ተራ ነገር አልነበረም። ኦሃካ ከባሕር የራቀ ደጋማ ሸለቆ ነው፤ ዛጎል ከሩቅ የሚመጣ፣ በሥርዓተ አምልኮም የከበረ ዕቃ ነበር። መቃብሩ ውስጥ የተቀመጠውም ቅርጹ ስላማረ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ አልበርስና ሪድ ከጥንቱ ጌጥ የወሰዱት ግማሹን ትምህርት ነው፤ ቁሶችን የማጎራበት ድፍረቱን ወስደው፣ ቁሱን ያከበረውን እምነት እዚያው ትተውታል። ይህን ስል ሥራውን ለማጣጣል አይደለም። ነገር ግን ሁለቱ ሠሪዎች ዕቃን ከአገልግሎቱ ነጥሎ የማየት ነጻነት ያገኙት፣ ጌጥን ከአገልግሎት ጨርሶ ነጥሎ ከማያውቅ ሕዝብ መሆኑ በማንኛውም ጥናት ውስጥ መነሣት ያለበት ነጥብ ነው።

ወደ ሥራዎቹ እንመለስ። የሮንዴላው ሐብል ረጅም ምርመራ ይገባዋል። ሮንዴላ ክብ ውስጥ ያለ ክብ ነው፤ ጂኦሜትሪው በፋብሪካ ማሽን አስቀድሞ ተጠናቋል። ሠሪው አልቀረጸውም፣ አልበሳውም፣ አልበየደውም። ታዲያ የእጅ ሥራው የት አለ? መልሱ ሪባኑ ላይ ነው። ሮንዴላዎቹ ጎን ለጎን አልተደረደሩም፤ አንዱ በሌላው ጠርዝ ላይ ተደርቦ ተኝቷል፣ ሪባኑም በቀዳዳዎቹ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይመላለሳል። ይህ ማግ በድር መካከል የሚሄድበት መንገድ ነው። ሪባኑ ሮንዴላዎቹን ይይዛል፤ ሮንዴላዎቹም በክብደታቸው ሪባኑን ይወጥራሉ። አንዱ ከሌለ ሌላው ቅርጽ የለውም። ቀዳዳዎቹ በከፊል ስለሚሸፈኑ ዓይን የሚያየው ሙሉ ክብ ሳይሆን ጨረቃ መሰል ቅንጣቶችን ነው፤ ከሁለት ተራ ነገሮች በየትኛቸውም ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ቅርጽ ተወልዷል። ጨርቁ ቀይና ለስላሳ፣ ብረቱ ነጭና ቀዝቃዛ መሆኑ ደግሞ የዮሴፍ አልበርስ የገጽታ መልመጃ በቀጥታ ወደ ሰውነት ጌጥ የተሻገረበት ነው።

የማጥለያው ሐብል ሌላ ጥያቄ ያነሣል። ማጥለያው ያለ ማንም እርዳታ ያጌጠ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ከመሐል ወደ ዳር በክብ በክብ ተበትነዋል። ክሊፖቹ ሲጨመሩበት ግን ወደ ጥንታዊ የደረት ጌጥ ይጠጋል፣ ሞንቴ አልባንንም የሚያስታውሰው ይኸኛው ነው። በእኔ ግምት ከሮንዴላው ያንሳል። ማጥለያው ማጥለያነቱን አልረሳም፤ የተመልካቹ የመጀመሪያ ስሜት መደነቅ ይሆንና ቅርጹን ማየት ሁለተኛ ይመጣል። በሮንዴላው ሐብል ላይ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ መጀመሪያ ሥርዓቱን ታያለህ፣ ሮንዴላ መሆኑን ኋላ ትገነዘባለህ።

በዘመኑ ጂኦሜትሪን የጌጥ ቋንቋ ያደረጉት እነርሱ ብቻ አልነበሩም። ኪየቭ የተወለደውና ዋይማር ባውሃውስ የሠራው አንጥረኛ ናውም ስሉትስኪ በ1930 ገደማ ክሮም ከተቀባ ናስ ቀጥ ያሉ መስመሮችና ክቦች ብቻ ያሉባቸውን ሐብሎች ሠርቷል። ብርን በክሮም መተካቱ ደፋር ነው፤ ሆኖም ጂኦሜትሪውን የሚፈጥረው ራሱ ነው፣ የአንጥረኛነት ክህሎቱም በየመጋጠሚያው ይታያል። በካሊፎርኒያ የነበረችው ማርጋሬት ደ ፓታ በ1940 እና 1941 ቺካጎ ከቀድሞው የባውሃውስ መምህር ሞሆሊ ናጊ ዘንድ ተምራ ነበር፤ ከ1946 ጀምሮም የጂኦሜትሪ ቀለበቶቿን ብዙ ሰው በሚችለው ዋጋ አባዝታ ለመሸጥ ከባለቤቷ ጋር ደክማለች። ሁለቱም የሙያ ሰዎች ናቸው። የሪድ ሥራ ከእነርሱ የሚለየው ሙያ ስለማይጠይቅ ነው። መዶሻ፣ ምድጃና መበየጃ የሌለው ሰው፣ ሱቅ ሄዶ ያንኑ ሐብል ማታውን ሊሠራው ይችላል። ይህን እንደ ድክመት የሚቆጥር ሐያሲ ይኖራል፤ እኔ የሥራው ዋና ግኝት አድርጌ እወስደዋለሁ። ክህሎት ከእጅ ወደ ዓይን ተሻግሯል፤ የሚያስቸግረው መሥራቱ ሳይሆን መምረጡና ማስተካከሉ ሆኗል።

አንዳንዴ ጌጦቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከነበረው የብረት እጥረት የመጡ ናቸው ሲባል ይሰማል። የዘመን ቅደም ተከተሉ ይህን አይደግፍም። ሁለቱ ሥራቸውን በኒውዮርኩ ዊላርድ ጋለሪ ያሳዩት በ1941 ሲሆን፣ የመሥራቱ ሐሳብ ደግሞ ከዚያ ይቀድማል፤ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ የገባችው በታኅሣሥ 1941 ነው። ርካሹን ቁስ የመረጡት አምነውበት ነው። በ1946 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስለ ዘመናዊ የእጅ ሥራ ጌጣጌጥ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ ጌጦቹ ከቅርጻ ቅርጽ ሠሪው ከአሌክሳንደር ካልደርና ከደ ፓታ ሥራዎች ጋር ቀርበዋል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር 1780 የሚል ዓመት ተቀርጾበት በገፍ የሚታተም የፋብሪካ ዕቃ ነበር። የኢትዮጵያ ሴቶች ማንጠልጠያ አስበይደውበት በአንገታቸው አድርገውታል፤ አንጥረኞቻችን ደግሞ እያቀለጡና እየቀረጹ የአንገት መስቀል አውጥተውበታል። መስቀሎቹ ላይ ያለው መነሻና መድረሻ የሌለው ሐረግ ከየትኛውም የባውሃውስ ጂኦሜትሪ የማያንስ ጥብቅ ሥርዓት አለው። ሆኖም የጌጡ ዋጋ በብሩ ሚዛን ሲተመን ኖሯል፤ ሠሪው ጠይብ ተብሎ ሲናቅ፣ በቡዳነት ሲጠረጠር ኖሯል። ቁሱ ከበረ፣ እጁ ተዋረደ። በታችኛው ኦሞ የዳሰነች ሴቶች ከተጣሉ የጠርሙስ ቆርኪዎች የሚሠሩት የራስ ጌጥ ለሪድ ሮንዴላ ይበልጥ ይቀርባል፤ አንዱ ቆርኪ ምንም ነው፣ ተደራርቦ ሲወርድ ግን ጌጥ ይሆናል። ይህን ሥራ የቱሪስት ፎቶግራፍ ማድመቂያ አድርገን ከማየት አልፈን በዲዛይንነቱ ልንመረምረው ይገባል። ዳሰነቾቹ የቅርጽን ሥርዓት ለመማር ባውሃውስ አላስፈለጋቸውም።

ስለ ሪድ አንድ ነገር ልጨምር። በአደጋ ለሞተ የአንድ መምህር ልጅ መታሰቢያ እንዲሆን፣ በ1942 በሌክ ኤደን የጸጥታ ቤት የተባለችውን ትንሽ የድንጋይ ቤት ነድፎ በእጁ ሠርቷታል። ከሮንዴላ እስከ ድንጋይ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ በአካባቢው ያለውን አንሥቶ፣ ያለ ትርፍ ጌጥ፣ በአቀማመጡ ማክበር። ይህን ወጣት የመምህርቷ ረዳት ብቻ አድርጎ የሚያስቀምጥ ታሪክ ሥራውን አላየውም። የትኛውን ሐብል ማን እንዳሰበው ለይቶ ማውጣት አያስፈልግም፤ እነርሱ ራሳቸው በሁለት ስም አቅርበውታል፣ በሁለት ስም ሊጠራም ይገባል።

የዲዛይን መምህራንን የምጠይቀው ይህን ነው። ተማሪዎቻችሁን የጌጣጌጥ ሥራ ስታስተምሩ ከብርና ከወርቅ በፊት ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውሰዷቸው። ሮንዴላ፣ ቆርኪና ሽቦ ገዝተው፣ ሳይበይዱና ሳያቀልጡ፣ በመምረጥና በማጋጠም ብቻ ሰው ሊያጠልቀው የሚፈልገውን አንድ ጌጥ ይሥሩ። ሲጨርሱም በዐውደ ርእይ አቅርቡላቸው፤ በመግለጫው ላይም የመምህሩ ስም ከተጻፈ የተማሪው ስም አብሮ ይጻፍ።