ለጆሮ የሚታደስ ቤት

የቆየ ቲያትር ቤት ይታደስ ሲባል ገንዘቡ መጀመሪያ የሚፈሰው ለዓይን ነው፤ ቀለሙ ይለወጣል፣ ወለሉ ሴራሚክ ይነጠፍበታል፣ መግቢያው መስታወት ይሆናል። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ቲያትር ቤት እንደ ክራር ገበቴ ነው፤ ዋና ሥራው ድምፅን ተቀብሎ ሳያበላሽ ለጆሮ ማድረስ ነው። አዲስ አበባ ፒያሳ ያለውን የሀገር ፍቅር ቲያትር ቤት እናስብ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተወልድ መሪነት ሲቋቋም የጣሊያን ወረራ ደጅ ደርሶ ነበር፤ ሕዝቡን ለማነሳሳት የተያዘው መሣሪያም ንግግርና ዜማ ነበር። ኋላ ቤቱ ጥላሁን ገሠሠና አስቴር አወቀ ያለፉበት መድረክ ሆነ። ከእንዲህ ያለ ቤት የወረስነው ትልቁ ሀብት፣ አንድ ሰው ቆሞ ሲናገር ሌላው ቃል ሳያመልጠው መስማቱ ነው።

አማርኛ ደግሞ በዚህ በኩል ምሕረት የለውም። «ይመታል» ላልቶ ሲነገር መቺው ነው፣ ጠብቆ ሲነገር ተመቺው። ጽሕፈቱ አንድ ነው፤ ሁለቱን የሚለየው ከንፈር «መ» ላይ፣ ምላስ «ታ» ላይ ትንሽ መቆየታቸው ነው። ምላስ አየሩን ይዞ በሚቆይባት ቅጽበት ዝምታ አለች። ግድግዳው የሚያስተጋባ ከሆነ ያለፈው አናባቢ ጅራት ዝምታዋን ይሞላታል፤ የጠበቀው የላላ መስሎ ይሰማል፣ የቅኔው ወርቅም ሰሙ ውስጥ እንደተቀበረ ይቀራል። ለንግግር የሚሆን አዳራሽ ድምፁ በ1 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ቢጠፋ ይመረጣል፤ ሲሚንቶ፣ ሴራሚክና መስታወት ብቻ የሆነ ሰፊ አዳራሽ ግን 2 ሰከንድን በቀላሉ ያልፋል። በአንጻሩ በብዙ የአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች ውስጥ የምናገኘው የተወጠረ የአቡጀዲ ኮርኒስ ከበላዩ ካለው ባዶ ቦታ ጋር ሆኖ ድምፅ ይውጣል፤ የጣውላው ወለልም ጉርምርምታውን ያለዝበዋል። እነዚህን እንደ ድህነት ምልክት ነቅሎ መጣል የቤቱን ጆሮ መድፈን ነው። የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰንም እንዲሁ ጥፋት ነው፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል።

ማይክሮፎን እያለ ምን ያስጨንቃል የሚል አለ። ማይክሮፎን ድምፁን ያጎላል፤ ግድግዳው የሚመልሰውንም አብሮ ያጎላል፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን የክረምት ዝናብም አያስቆምም። ለዝናቡ መፍትሔው ከቆርቆሮው ሥር ወፍራም ድምፅ አፋኝ መደረብ ነው፤ ይህ ከፊት ለፊቱ ቀለም መቅደም አለበት። ጨርቅና እንጨት እሳት ይስባል የሚለው ስጋት ግን እውነተኛ ነው። አቡጀዲው እሳት በሚከላከል ጨርቅ ይተካ፣ በሮቹም ወደ ውጭ ይከፈቱ፤ እዚህ ላይ ለቅርስ ተብሎ ድርድር የለም።

ከሁሉም የሚከብደው የሰፈሩ ጥያቄ ነው፦ ቤቱ ለቲያትር ብቻ ከሆነ ለሕጻናት ሰርከስ፣ ለመዘምራን፣ ለዕድር ስብሰባ ማን ይከፍተዋል? ጥያቄው ትክክል ነው፤ ተዘግቶ የሚከርም ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይለት የለም። በግድግዳው ርዝመት በሐዲድ ላይ የሚሄድ ከባድ መጋረጃ ብዙውን ይፈታል፤ ለተውኔት ይዘረጋል፣ ማስተጋባት ለሚወዱት ለበገናና ለመዘምራን ይሰበሰባል። ስለዚህ ኮንትራክተሩ ሴራሚክ ከማዘዙ በፊት አንድ ተዋናይ መድረኩ ላይ ይቁም፤ ያለ ማይክሮፎን «ይመታል»ን አላልቶም አጥብቆም ይበል፤ መጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጡ አንዲት የሰፈሩ እናት የሰሙትን ይንገሩን።